ጎተራው ሙሉ፣ ልጁ ቀጫጫ፦ ስለ ሕፃናት እንክብካቤና ስለ ኋላ ትምህርታቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። አንደኛ ክፍል ለብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፣ አሁን ደግሞ የልጅ ልጅ አቅፌያለሁ። ወላጆች ገበያ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ማኅበር ላይም ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ነገር ያው ተመሳሳይ ነው። እየደጋገምኩ ከምመልስ ብዬ ጻፍኩት።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባል የለ? ይሄ ሁሉ ግርግር ለምንድን ነው?

ይባላል። እናቴም ትለው ነበር። ግን ይህን እያለች እንኳ ለደከመው ልጅ እንቁላል ደብቃ ታስቀምጥ ነበር። ዕድሉን ራሷ ታግዘው ነበር ማለት ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የሰው አንጎል ሁለት ዓመት ሲሞላው የአዋቂውን መጠን ሦስት አራተኛ ያህል ይደርሳል። የጤና ባለሙያዎች «የመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት» የሚሉት ዝም ብሎ መፈክር አይደለም። እርግዝናው 270 ቀን፣ ሁለቱ ዓመት 730 ቀን፣ ደምሩት። ያኔ የጎደለው አንደኛ ክፍል ላይ በአለንጋ አይሞላም።

የ77ቱን ድርቅ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ድርቁ በጠናባቸው ገጠሮች ያኔ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የነበሩ ልጆች፣ ሃያ ዓመት አልፎ አዋቂ ሆነው ሲለኩ፣ በዚያ ዕድሜ ካልደረሰባቸው ሰዎች 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥረው ተገኙ። አንደኛ ደረጃን የጨረሱትም ከእነሱ መሀል ያነሱ ነበሩ። ዝናቡ ተመልሷል፣ እህሉም ተመልሷል፣ እነሱ ግን ያቺን ዓመት ተሸክመዋት አደጉ።

ጎጃም እኮ ለሌላው የሚተርፍ አገር ነው። የእኛ ልጅ እንዴት ይቀጭጫል?

ይሄኛው ጥያቄ ነው ሁልጊዜ የሚከነክነኝ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 46 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰ፣ ነበሩ። ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። ክልሉ ውስጥ ዋግም ወሎም አለ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው፣ ግን የቀነጨረ ልጅ ለማየት አባይን መሻገር አያስፈልገንም። ጤፉ ከደጀንና ከቢቸና፣ በቆሎው ከቡሬና ከወምበርማ በአይሱዙ እየተጫነ በሚወጣበት አገር፣ ከመንገዱ ዳር የቆመውን ልጅ ዕድሜ ጠይቁና አምስት ነው ብላችሁ ስትገምቱ ስምንት ይሏችኋል።

ለምን? ሆድ መሙላት ሌላ፣ ልጅ መመገብ ሌላ ስለሆነ ነው። ጠዋት እንጀራ በሽሮ፣ ማታ እንጀራ በሽሮ። ለሕፃኑ ቀጠን ያለ አጥሚት። እንቁላሉ ቅዳሜ ገበያ ይወጣል፣ በእንቁላሉ ጨውና ሳሙና ተገዝቶ ይገባል። ወተቱ ይናጣል፣ ቅቤው ይሸጣል። ካሮትና ጎመን ጓሮ ውስጥ ቢኖር እንኳ «የሕፃን ሆድ አይችለውም» ይባላል። ውኃው ደግሞ አለ። ንጹሕ ውኃና ሽንት ቤት በሌለበት ግቢ ዶሮውና የሚድኸው ሕፃን አንድ መሬት ላይ ናቸው፤ ተቅማጡ በየሁለት ሳምንቱ ይመላለስና የበላውን ይዞበት ይሄዳል። እናቲቱስ? ማሳ ላይ ነች፣ ወይ ውኃ ወርዳለች፣ ወይ እንጨት ለቀማ። ሕፃኑን የሰባት ዓመት እህቱ አዝላዋለች፣ እሷም ከትምህርት ቀርታ። እናቶችን ሰነፎች የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አንድ ቀን ውሏቸውን ይዋል በሉት።

አጭር ሰው ጎበዝ አይሆንም ልትይን ነው?

ኧረ በፍጹም! በቤተሰቡ አጥሮ የተወለደ ጎበዝ ሞልቷል። ቁመቱ ራሱ በሽታ አይደለም፣ ጭስ ነው። ሰውነቱ ለቁመት የሚሆን ካጣ ለአንጎሉም የሚሆን አጥቷል ማለት ስለሚሆን ነው ጭሱን አይተን እሳቱን የምንፈልገው።

እና ምግቡ ከተሟላ በቃ፣ ተማሪ ሆነ ማለት ነው?

ምግብ ብዙ ይሠራል። በማዕከላዊ አሜሪካ ጓቲማላ ውስጥ በፈረንጆቹ 1969 በአራት መንደሮች አንድ ሙከራ ተጀመረ። በሁለቱ መንደሮች «አቶሌ» የሚባል፣ ስሙም መልኩም አጥሚትን የሚያስታውስ፣ የወተት ዱቄት የገባበት ወፈር ያለ መጠጥ በየቀኑ ቀረበ። በሌሎቹ ሁለት መንደሮች የቀረበው ፕሮቲን የሌለው ጣፋጭ መጠጥ ነበር። ከዚያ ልጆቹን ለአሥርት ዓመታት ተከታተሏቸው። አቶሌውን ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ያገኙት ወንዶች ትልቅ ሰው ሲሆኑ የሰዓት ደመወዛቸው ወደ 46 በመቶ በልጦ ተገኘ። ሴቶቹ ከአንድ ክፍል በላይ ጨምረው ተምረዋል፣ ደመወዛቸው ላይ ግን ለውጡ አልታየም። ይህ የአጥሚቱ ጥፋት አይመስለኝም፤ ሴት ተምራም የምትገባበት ሥራ በሌለበት አገር ደመወዙ ከየት ይመጣል? ሌላው ደግሞ ከሦስት ዓመታቸው በኋላ መጠጣት የጀመሩት ደመወዛቸው ላይ ለውጡ አልታየም። ሰዓቱ አልፎ ነበር።

ምግብ ብቻውን ግን አይጨርሰውም። እዚህ ላይ የጃማይካውን መስማት አለባችሁ። ኪንግስተን ከተማ ድሃ ሰፈሮች ውስጥ በ1986 እና 87 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆኑ 129 የቀነጨሩ ልጆች ተመረጡ። አንዳንዶቹ በየሳምንቱ የወተት ዱቄት አገኙ። አንዳንዶቹ ቤት የጤና ሠራተኛ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት እየሄደች ከእናትየው ጋር ቁጭ ብላ ልጁን እንዴት እንደምታጫውተው፣ እንዴት እንደምታነጋግረው አሳየቻት። አንዳንዶቹ ሁለቱንም አገኙ፣ አንዳንዶቹ ምንም። ይህ ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሃያ ዓመት ቆይቶ ሲታይ የተጫወቱት ልጆች ገቢ 25 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። የወተቱ ብቻ ውጤት እስከዚያ አልደረሰም።

የጤና ሠራተኛዋ ዶክተር አልነበረችም። መጫወቻው ከቤት ዕቃ የተሠራ ነበር። ይሄን ስሰማ ነው ልቤ የቆመው፤ ምክንያቱም እኛም በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ካገኘን ሃያ ዓመት አልፎናል። ያልተጨመረው ያ አንድ ሰዓት ነው።

እኛ ቤት ምን መጫወቻ አለና?

ቆርኪ የለም? የጀሪካን ክዳን የለም? የበቆሎ ቆረቆንዳ የለም? እነሱን በትልቅና በትንሽ ማስለየት፣ መቁጠር፣ መደርደር። የበለጠው ግን አፋችሁ ነው። ጎጃሜ በቃል ሀብት አይታማም። «እንቆቅልሽ» ብላችሁት «ምን አውቅልህ» ያለ ልጅ አእምሮው እየሮጠ ነው። «አገር ስጠኝ» ስትሉት ደግሞ አዲስ አበባን ይሰጣችኋል፣ ይሳቃል፣ ቃል ይጨምራል። ተረት ተረት ስትሉት «የላም በረት» ይላችኋል። የእሳት ዳር ጨዋታው ከዚያ ሁሉ የሥራ ብዛት ጋር እየተረሳ፣ በከተማው ደግሞ በስልክ እየተተካ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ስልክ ይዞ ዝም ማለቱን «አዋቂ» እያልን እናወድሰዋለን። ዝም ያለው ግን ማንም ስላላነጋገረው ነው።

አባቶችም ተቀላቀሉ እንጂ። ወይፈን ስታሠለጥኑ ስንት ቃል ታወጣላችሁ፣ ለልጃችሁስ?

ጾም ላይ ሕፃኑን ምን እናድርገው?

ሕፃን አይጾምም። ቤተ ክርስቲያንም ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጹም አትለውም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ድስቱ ይነካካል ተብሎ እንቁላሉ አይቀቀልም፣ ወተቱ አይፈላም። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም በሆነበት ቤት ደግሞ የሁለት ዓመት ልጅ ዕድሜውን በግማሽ ጾመ ማለት ነው። አንዲት ትንሽ ድስትና አንዲት ማንኪያ ለሕፃኑ ብቻ ለዩ፣ ጣጣው አለቀ። እርጉዝና አጥቢ ከሆናችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ አብዛኞቹ ቀለል ያደርጉላችኋል።

አንድ ሌላም አለ። አዲስ ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማስዋጥ። የአያቶቼ ልማድ ነው፣ አከብራቸዋለሁ፣ ግን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ነው። ውኃም አይጨመርም።

ሴፍቲኔት ልጆችን ረድቷል? እኛ ወረዳስ ለምን የለም?

ሴፍቲኔት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ አቅም ያለው ሠርቶ፣ አቅም የሌለው ሳይሠራ ብር ወይም እህል ይሰጠዋል። እርጉዞችና አጥቢዎች ከእርከን ሥራውና ከቁፋሮው ወጥተው ክፍያው ሳይቀርባቸው እንዲቆዩ ደንቡ ይላል። ይህ ለሆድ ውስጡም ለታዘለውም ልጅ ትልቅ ነገር ነው፣ በትክክል ከተተገበረ።

ውጤቱን በሐቅ ስናየው የተደባለቀ ነው። ቤተሰቡ ከረሃብ ወራት እፎይ ብሏል፣ በሬውን ሳይሸጥ ከርሟል። የልጆቹ መቀንጨር ላይ ግን ለዓመታት ለውጥ አልታየም፤ ምክንያቱም የተሰጠው በቆሎና ስንዴ ነው፣ የልጁ ሳህን ላይ ያለው ነገር ዓይነት አልጨመረም። በትምህርት በኩል ልጆችን ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ የሚከታተለው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት አለ። በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም 12,000 ልጆችን፣ ከእኛ አገር ደግሞ 3,000 ያህሉን ይዟል። ከዚህ ጥናት በወጣው መረጃ የሴፍቲኔት ቤተሰብ ልጆች የቁጥር ችሎታ ላይ ትንሽ ግን በጎ ለውጥ ታይቷል። ትንሽ ነው። ከምንም ግን ይሻላል።

የእኛ ወረዳ ለምን የለም ላላችሁት፣ አብዛኛው የጎጃም ወረዳ «ትርፍ አምራች» ስለሚባል ነው። ይህ ስም ጤፉን ቆጥሮ ልጁን ሳይቆጥር የወጣ ስም ነው። ትርፍ አምራች ወረዳ ውስጥ መሬት የሌለው ወጣት አባት አለ፣ ባሏ የሞተባት ሴት አለች። መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳንን በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሲገባ ዓላማው በ2030 በፈረንጆቹ ከሁለት ዓመት በታች መቀንጨርን ማጥፋት ነበር፤ ጎጃምን ጎተራዋን አይቶ ያለፈ ሰው ግን ያንን ቃል አይሞላውም።

ሌላው ድሃ አገር እንዴት አድርጎ ነው የያዘው?

ሕንድ በፈረንጆቹ 1975 የጀመረችው ፕሮግራም አለ፣ ማዕከሎቹ «አንጋንዋዲ» ይባላሉ። ግቢ፣ ደጅ እንደማለት ነው። አንድ ቦታ ላይ ክትባቱም፣ ተጨማሪ ምግቡም፣ ክብደት መለካቱም፣ ለትንንሾቹ የጨዋታ ትምህርቱም ይገኛል። ዛሬ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ማዕከል አላቸው። ጥራቱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ ሠራተኞቹም ክፍያ አነሰን እያሉ አደባባይ ይወጣሉ። ሐሳቡ ግን ይገባኛል፤ እናቲቱን ለክትባት ጤና ኬላ፣ ለምግብ ቀበሌ፣ ለትምህርት ሌላ ቦታ ከማንከራተት ሁሉንም በአንድ ደጅ።

ሞዛምቢክ ውስጥ ደግሞ በገጠር መንደሮች በማኅበረሰቡ የሚተዳደሩ 30 ቅድመ ትምህርት ማዕከሎች ተከፍተው፣ የገቡት ልጆች አንደኛ ደረጃ የመመዝገብ ዕድላቸው ከሌሎቹ በ24 በመቶ ጨመረ። ታላላቆቻቸውም ሕፃን ከመጠበቅ ተፈተው ትምህርት ቤት ገቡ። የእህትየውን አንቀልባ አስታውሱ።

ዜሮ ክፍል ጥቅም አለው ወይስ ልጅ ማቆያ ነው?

እንደ አስተማሪው ነው። ዜሮ ክፍል በየትምህርት ቤቱ የተስፋፋው ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ነው፣ በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። በወረቀት ጥሩ ነው። እኔ ያስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት ግን ዜሮ ክፍሉ ቀድሞ ዕቃ ቤት የነበረ ክፍል ነበር። ወንበር የለም፣ ልጆቹ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሰማንያ ይሆናሉ፣ አስተማሪዋ ደግሞ በትርፍ ሰዓት ከሌላ ክፍል የተላከች ነች። ቀኑን ሙሉ በአንድ ድምፅ «ሀ ሁ ሂ» ይላሉ። ፊደሉን በዜማ ይወጡታል፤ ከዜማው አውጥታችሁ «ሩ» የቱ ነው ስትሏቸው ከ«ሀ» ጀምረው ካልመጡ አያገኙትም። ከዚያ አንደኛ ክፍል እኔ ጋ ይመጣሉ።

የዓለም ባንክ እንደሚለው በኢትዮጵያ 10 ዓመት የሆናቸው ልጆች ከ10ሩ 9ኙ አጭርና ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። ሲሰሙት የማይታመን ነው፣ ክፍል ውስጥ ለቆመ ሰው ግን አዲስ አይደለም።

የቄስ ትምህርት ቤት አይበቃም? አያቶቻችን በዚያ አይደል የተማሩት?

የዋሸራና የዲማ አገር ሆነን ቄስ ትምህርት ቤትን ብንንቅ ያሳፍራል። ፊደል ገበታውን ጨርሶ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ሰባት ዓመት ሳይሞላው የሚያነብ ልጅ አይቻለሁ። አንደኛ ክፍል ሲገባ ከሌሎቹ ይቀድማል። ችግሩ ሁሉም አይገባም፣ ሴት ልጆች ይቀራሉ፣ ቁጥሩና ጨዋታው የለም፣ ለሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ ቁንጥጫው ይበዛበታል። ሁለቱን ማጣመር የሚከለክል ነገር ግን የለም። መሪጌታውን ጠርታችሁ ስለ ንባብ ዘዴ ብታማክሯቸው ከብዙ ሥልጠና የበለጠ ታገኛላችሁ።

ልጄን በሦስት ዓመቷ የግል ኬጂ አስገብቻታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ነው። ጥሩ አደረግሁ?

ከተንከባከቧትና ካጫወቷት ጥሩ። ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ በአማርኛ እንኳ ገና ያልጨረሰችውን ነገር በእንግሊዝኛ እየጻፈች የቤት ሥራ ይዛ የምትመጣ ከሆነ ግን ብሩን ያወጣችሁት ለልጅቷ ሳይሆን ለጎረቤት ነው። ልጅ መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንበብ ሲችል ሌላው ይቀለዋል።

የዚህ ሁሉ ጥቅም ይቆያል ወይስ ቶሎ ይጠፋል?

ሁለቱም ያጋጥማል። ኮሎምቢያ ውስጥ የጃማይካውን ዓይነት ነገር ከ1 እስከ 2 ዓመት ባሉ 1,400 ያህል ልጆች ላይ ለ18 ወር ሞከሩት። ሲያበቃ ልጆቹ ተሻሽለው ነበር። ሁለት ዓመት ቆይተው ሲመለሱ ልዩነቱ አልነበረም። ዴልሂ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ ልጆች በጨዋታ ብዛትን ማነጻጸር ተማሩ፣ ችሎታው ከዓመት በኋላም አልጠፋም፣ የትምህርት ቤት ሒሳብ ላይ ግን አልበለጡም። ጨዋታው ከቁጥሩ ምልክት ጋር አልተገናኘማ።

ከዚህ እኔ የምረዳው አንድ ነገር ነው። በሁለት ዓመቱ ያበላኸውን፣ ያነጋገርከውን ልጅ በሰባት ዓመቱ ሰማንያ ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ ድንጋይ ላይ ካስቀመጥከው የለፋኸውን ታባክነዋለህ። ዘሩ ጥሩ ቢሆንም አረም የሚያርም ያስፈልጋል፣ ይሄን ለገበሬ አልነግርም።

የእኔ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ቀጭጫለች። አልፏታል?

አላለፋትም። ያንግ ላይቭስ ከሚከታተላቸው ልጆች መሀል በአንድ ዓመታቸው ቀንጭረው የነበሩ፣ በኋላ ግን ቁመታቸው ያገገመ አሉ። እነዚህ በፈተና እንደቀነጨሩ ከቀሩት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ያልቀነጨረውን ሙሉ በሙሉ ባይደርሱበትም። እንቁላሉን ዛሬም ስጧት፣ የሆድ ትል መድኃኒቱ ሲመጣ አታስቀሯት፣ ማታ ማታ አስነብቧት።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ምን እናድርግ?

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በግጭቱ ምክንያት ጎጃም ውስጥ ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ እያያችሁት ነው፣ እኔ አልነግራችሁም። የስምንት ዓመት ልጅ እስካሁን አንደኛ ክፍልን ሳይረግጥ ቁጭ ብሏል። ቤት ውስጥ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ካለ፣ ታላቅ እህት ትሁን፣ አጎት ይሁን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት የሰፈሩን አምስት ስድስት ልጅ ሰብስቦ ያስነብብ። መጽሐፍ ከሌለ የዱቄት ከረጢት ላይ ያለው ጽሑፍም ይነበባል። ትንንሾቹን ከዚህ አታርቋቸው፣ ከጎን ተቀምጠው ብዙ ይለቅማሉ።

ጤና ኬላ ስሄድ ምን ልጠይቅ?

ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ቁመቱንም እንዲለኩላችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ቁመት ይዘለላል። የክንዱን ዙሪያ ይለኩ። ቫይታሚን ኤ መቼ እንደሚሰጥ፣ እርጉዝ ከሆናችሁ የብረት እንክብል እንዳለ ጠይቁ። እንክብሉን ከቡና ጋር አትዋጡት፣ ቡናው ብረቱን እንዳይመጠጥ ያደርገዋል። ቡና ለጎጃም ሰው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሁለት ሰዓት ማቆየት ብቻ ነው።

ጨውም አትርሱ። እንቅርት የደጋችን የቆየ ችግር ነው፣ እርጉዝ ላይ የአዮዲን እጥረት ደግሞ በሆድ ያለውን ልጅ አንጎል ይጎዳል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሸጠው ጨው አዮዲን እንዲኖረው ደንብ ወጥቷል። ገበያ ላይ በጆንያ ተከፍቶ ፀሐይ ሲመታው የዋለውን ትታችሁ የታሸገውን ግዙ፣ ቤት ስትደርሱ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩ።